ወጥቶ እስኪመለስ

የምስክርነት መጥሪያው እጄ የገባው በቀጠሮው ዋዜማ ነው። ወረቀቱ ከአክስቴ ቀበሌ ተነሥቶ፣ በአንድ የእህል ነጋዴ ኪስ አዲስ አበባ ገብቶ፣ እህል በረንዳ ሰንብቶ፣ በዘመድ ሱቅ በኩል ዞሮ ሲደርሰኝ ጠርዙ ተበልቷል። የሟች ስም፣ የተከሳሽ ስም፣ «ከባድ የሰው ግድያ፣ አንቀጽ 539»፤ ከታች ደግሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ችሎት ፊት ካልቀረብኩ ታስሬ እንደምቀርብ ተጽፏል። መታሰሩ አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ የሟችን ስም ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ላይ ማየቴ ነው። ልጁን አውቀው ነበር። አክስቴ ጋ በሄድኩ ቁጥር እስከ አስፋልቱ ወርዶ ሻንጣዬን የሚሸከምልኝ፣ የአክስቴን አጥር ሳይጠየቅ የሚያጥር፣ ገና ጢሙ ያልጠነከረ ልጅ ነበር። ገዳዩንም አውቀዋለሁ። ጎረቤታሞች ናቸው፤ ማሳቸው ድንበርተኛ ነው።

ነገሩ የሆነው በቃና ዘገሊላ፣ ጥር 12 ቀን፣ ታቦተ ሚካኤል ከገባ በኋላ በተደገሰበት ቤት ነው። በጥምቀት ሰሞን በዚያ አገር ወንድ ሁሉ ዱላ ይዞ ይወጣል፤ ይጨፈርበታል። ባለቤቱ አስተዋይ ሰው ስለነበሩ እንግዳው ሁሉ ዱላውን ውጭ አስደግፎ እንዲገባ አዘዙ፤ ሽመሉም ቆመጡም ከበሩ ውጭ ጥግ ላይ ተከመረ። እኔ ከበሩ አጠገብ መደብ ላይ ነበርኩ። ጠላው ሲደጋገም የድንበሩ ነገር ተነሣ። ዓምና ሽማግሌ ገብቶበት በርዷል የተባለ ነገር ነው። ልጁ ተናገረ፤ የሰውየውን የሞተ አባት ሰደበ፤ በዚህም ሳያበቃ በዋንጫው የቀረውን ጠላ ፊቱ ላይ ደፋበት። ሰውየው ምንም ሳይመልስ ተነሥቶ ወጣ። ነገሩ ያለቀ መስሎን ተነፈስን። ሲመለስ በእጁ ቆመጥ ነበር። አንድ አዛውንት ከጓዳው በኩል «በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ። ሰውየው ቆም አለ፤ ቀና ብሎም አያቸው። ከዚያ መታ። አንድ ጊዜ፣ ራስ ላይ።

ልጁ ወዲያው አልሞተም። እሱ ሆስፒታል ሲያጣጥር ሰውየው ፖሊስ ጣቢያ ነበር፤ ዘመዶቹ ዋስ ቢጠሩም አልተለቀቀም። ምክንያቱ ኋላ ነው የገባኝ፦ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 63 ዋስትናን ሲፈቅድ፣ የተጎዳው ሰው በሕይወት ስለመትረፉ ሥጋት የሌለ መሆኑንም ይጠይቃል። እናቲቱ ደጅ ላይ ተቀምጣ የልጇን ትንፋሽ ስትቆጥር፣ እስር ቤት ያለው ሰው ዕጣም በዚያው ትንፋሽ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ልጁ ዓይኑን ሳይገልጥ አረፈ። ከቀብሩ ስንመለስ ለዚያ ሰው የተመኘሁለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ፀሐይ እንዳያይ።

ይህን ምኞት ይዤ ነው መጥሪያው በደረሰኝ ማግስት ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ የተሳፈርኩት። ጣርማ በር ስንደርስ ጉም መንገዱን ውጦታል። ጣሊያን ተራራውን በስቶ የሠራው ዋሻ አፍ ላይ አንድ ተሳቢ ተንጋዶ ቆሟል፤ ወዲያ ማለፍ የለ፣ ወዲህ መመለስ የለ። ሰዓቱ 3 አለፈ። እኔ መጥሪያውን እያወጣሁ አያለሁ፣ አጣጥፌ እከተዋለሁ፣ መልሼ አወጣዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ይህን ሲያዩ ቆይተው «ስንት ቁጥር ነው?» አሉኝ።

«539፣ ጋሼ።»

«የድሮው 522» አሉና ዝም አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ እኔ አጋሩኝ። ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩ። ከንጉሡ ዘመን ሕግ ጋር አርጅተው፣ አዲሱ ሕግ ሲመጣም ችሎት ላይ የነበሩ ሰው ናቸው። አሮጌዎቹን አንቀጾች በቁጥራቸው ሲጠሯቸው የዘመድ ስም የሚጠሩ ይመስላሉ፦ 522፣ 523፣ 524፣ 526። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የጄኔቫው ሊቅ ዣን ግራቨን መሆናቸውን፣ ያ ሕግ ከ1950 እስከ 1997 ዓ.ም. እንደሠራ፣ አሁን ያለው የወንጀል ሕግ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ እንደተካው ነገሩኝ። ቁጥሮቹ ተቀየሩ፤ አጥንቱ ግን ያው ነው አሉ።

«ምን ሊበየንበት ትፈልጋለህ?» አሉኝ።

«ሞት» አልኳቸው።

አልተቆጡኝም። «መጀመሪያ አንቀጹን እንየው» ብለው ከከረጢታቸው ሽፋኑን በጨርቅ ያስለበሱትን መጽሐፍ አወጡ። በጉም ውስጥ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሕፃናት እያለቀሱ፣ ከእኚያ ሰው የሰማሁትን ትምህርት ብዙ ዓመት ትምህርት ቤት ገብቼም አላገኘሁትም።

ሕጉ በአንቀጽ 538 ይጀምራል፤ ሰውን አስቦ ወይም በቸልተኝነት የገደለ፣ በምንም መሣሪያ ይሁን በምንም መንገድ፣ ሰው ገዳይ ነው። ከዚህ በኋላ ነው መንገዱ የሚለያየው። በ539 ከባድ የሰው ግድያ የፈጸመ ዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት ይጠብቀዋል። በ540 ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። በ541 ቀላል የሰው ግድያ ደግሞ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እሥራት። በአንድ ጥፋት፣ በአንድ ሬሳ፣ በአንድ ቆመጥ፣ ከሞት ቅጣት እስከ ጥቂት ዓመት እሥራት የሚያደርስ ርቀት አለ ማለት ነው። እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ልጁ በሦስቱም አንቀጽ ያው ሞቷል እኮ!

«ሞቷል» አሉኝ ሽማግሌው። «በሦስቱም ሞቷል። በሦስቱም ገዳዩ ወይ ሊገድል ፈልጓል፣ ወይ ሊሞት እንደሚችል እያወቀ የመጣው ይምጣ ብሎ መትቷል። አንቀጽ 58 ሁለቱንም ማሰብ ይለዋል። ራስ ላይ በቆመጥ የመታ ሰው 'ልገድለው አላሰብኩም' ቢል ብዙ አይሰማለትም፤ እግር ላይ ቢመታ ኖሮ ሌላ ወሬ ይሆናል። ሕጉ ከዚህ አልፎ የሚጠይቀው፣ ይህ ሰው በዚያች ሰዓት ምን ዓይነት ሰው ነበር? የሚለውን ነው።»

በአሜሪካ ፊልም ያደግን ሰዎች አስቀድሞ አቅዶ መግደል በራሱ የመጨረሻው ደረጃ ይመስለናል። እዚያ አገር እውነትም ብዙ ቦታ እንደዚያ ነው። ግድያን አንደኛ ደረጃና ሁለተኛ ደረጃ ብሎ መክፈልን ፔንስልቬንያ በ1794 እ.ኤ.አ. በሕግ ስታወጣ፣ አስቦና አቅዶ የገደለውን አንደኛ ደረጃ ላይ አስቀመጠች፤ ዓላማዋም የሞት ቅጣት በሁሉም ገዳይ ላይ እንዳይወርድ ማጥበብ ነበር። የእኛ ሕግ ግን ሌላ ጥያቄ ይጨምራል። ማቀዱ፣ ምክንያቱ፣ መሣሪያው ወይም የአገዳደሉ ሁኔታ ገዳዩ በተለየ ሁኔታ ጨካኝ፣ ነውረኛ ወይም አደገኛ መሆኑን ማሳየት አለበት። ወይም ደግሞ ለመግደል ወይም በመሣሪያ ለመዝረፍ ከተደራጀ ቡድን አባል ሆኖ መግደል፤ ወይም ሌላ ወንጀል ለመፈጸም ወይም የፈጸመውን ለመሸፈን ብሎ መግደል። ሌባ የቤቱን ዘበኛ እንዳይመሰክርበት ቢገድለው፣ የቱንም ያህል በድንገት ቢያደርገው፣ 539 ነው። ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት እስር ላይ ሳለ በዚህ ዓይነት ሁኔታ ሌላ ነፍስ ያጠፋ ደግሞ ሕጉ ለዳኛው ምርጫ አልተወለትም፤ ሞት ነው። ሞት የተፈረደበትም ሰው ቢሆን ርዕሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው አይገደልም።

«ታዲያ የእኛ ሰው ከየትኛው ነው?» አልኳቸው።

መጽሐፉን ዘጉት። «እሱን እኔም አላውቅ፣ አንተም አታውቅ። አንተ ምስክር ነህ። ምስክር አንቀጽ የለውም። 'ሊገድለው መጣ' እንዳትል፤ 'ቆመጥ ይዞ መጣ' በል። የልቡን ነገር ዳኛው ካየኸው ይሰበስበዋል።»

ተሳቢው ተነሥቶ፣ ዋሻውን አልፈን፣ ቁልቁለቱን ወርደን ፍርድ ቤቱ ያለባት ከተማ ስንደርስ ከቀትር አልፏል። ከመናኸሪያ እስከ ፍርድ ቤቱ ሮጥኩ። ሬጅስትራሩ መዝገቡን አገላብጦ፣ ተከሳሹን ከማረሚያ ቤት የሚያመጣ መኪና በመታጣቱ ቀጠሮው ለነገ ተሸጋግሯል አለኝ። ያን ሁሉ መንገድ በጭንቅ የመጣሁት ላልዋለ ችሎት ነው። የሟች እናት ግቢው ውስጥ፣ ከግራር ሥር፣ ጥቁር ነጠላዋን አገልድማ ከጠዋት ጀምራ ተቀምጣለች። ማንም ነገ ነው አላላትም ነበር። እኔ ነገርኳት። «መጣ ሲሉኝ ነው እኮ የመጣሁት» አለች። ይህ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል። ልጇን የቀበረች ሴት ቀጠሮ መዛወሩን ከእንግዳ ሰው መስማት አልነበረባትም።

ብርድ ስለነበር ከሌላ ችሎት ገብቼ ተቀመጥኩ። የሚሰማው የአንድ ጭነት መኪና ሾፌር ጉዳይ ነው። ከትምህርት ቤት የምትመለስ ልጅ ገጭቶ ገድሏል። እዚህ ክፍል ውስጥ ማሰብ የሚባል ነገር የለም፤ አንቀጽ 543 ነው፣ በቸልተኝነት ሰው መግደል። ሾፌሩ አባትየውን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። ይሁንና እዚህም ውስጥ ደረጃ አለ። ማንም ሰው በቸልተኝነት ቢገድል ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እሥራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ ነው። እንደ ሐኪም ወይም እንደ ሾፌር የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ከሆነ ከ1 እስከ 5 ዓመት እና መቀጮ ይሆናል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው ከገደለ፣ ግልጽ ደንብን እያወቀ ከጣሰ፣ ወይም አልኮል ወይም አደንዛዥ ዕፅ ወስዶ ራሱን ስቶ ከሆነ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ይጠብቀዋል። የዚያን ቀን ክርክር የነበረው መኪናው በምን ፍጥነት ይሄድ ነበር በሚለው ላይ ነው። የትራፊክ ፖሊሱ የጎማ ምልክት ርዝመት አነበበ፤ ጠበቃው የመንገዱን ዝንባሌ ጠየቀ። የልጅቷ አባት ምንም አልተናገረም። ሜትርና ስንዝር ሲቆጠር እሱ የሚያስበው ሌላ እንደሆነ ፊቱ ይናገራል። እኔ ግን እዚያ ተቀምጬ አንድ ነገር ገባኝ፦ ያ የጎማ ምልክት ነው የሾፌሩን ልብ የሚናገረው። ፍሬን ይዟል ወይስ አልያዘም? መቼ? ሌላ የልቡን ነገር የሚያሳይ መስኮት የለም።

ያን ሌሊት ሽማግሌው ያዋሱኝን መጽሐፍ በአልቤርጎ አምፖል ሥር አነበብኩት። አንቀጽ 544 ላይ ብዙ ቆየሁ። እናት በምጥ ላይ ሳለች ወይም ከምጡ ሕመም ሳትወጣ ሕፃኗን ብትገድል፣ አስባ ብታደርገው እንኳ ሕጉ ቀላል እሥራት ይላል። ጨካኝ አላላትም፤ ሕመሟን አይቶላታል። ይህን የጻፈው እጅ ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል የሚያውቅ እጅ ነው ብዬ አሰብኩ።

541 ደግሞ ሁለት በር አለው። አንዱ ራሱን ሲከላከል ወይም ከጭንቅ ለመውጣት ሲል ከልኩ ያለፈ ሰው የሚገባበት ነው። ከልኩ ካላለፈ ግን ጭራሽ አይቀጣም። ራስን መከላከል በአንቀጽ 78 የተፈቀደ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ለጋብቻ ጠልፎ የደፈራትን ሰው በራሱ ጠመንጃ ገድላ በነፍስ ግድያ ስትከሰስ፣ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆሞላት፣ ራሷን መከላከሏ ነው ተብሎ በነፃ ተለቀቀች። ማኅበሩን ይመሩ የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ታሪኩም «ድፍረት» የሚለው ፊልም ሆነ። በዚያን ጊዜው ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን በሕግ ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር። የ1996ቱ ሕግ ይህን ቀዳዳ ደፈነው። ያቺ ልጅ የሽማግሌ ቁጣና የመንደር ሕግ ቢፈርዳት ኖሮ ገዳይ ተብላ ትቀር ነበር። ነፃ ያወጣት፣ በዚያች ሰዓት ምን ገጠማት? ብሎ የጠየቀ ሰው በመገኘቱ ነው።

ሁለተኛው በር ቁጣ ነው። ከባድ የማነሣሣት ነገር ደርሶበት፣ በድንገት ተደናግጦ፣ ወይም ሁኔታው ሊገባን በሚችልና በተወሰነ ደረጃ ይቅር በሚያሰኝ ብርቱ ስሜት ተነድቶ የገደለ ሰው ወደ 541 ይገባል። ስለዚህ በር ያለኝን ሐሳብ ሳልደብቅ እናገራለሁ፤ ጠባብ ሆኖ መቆየት አለበት። ሚስቱን ገድሎ «ቅናት ይዞኝ» የሚል ሁሉ የሚያልፍበት ከሆነ፣ ሕጉ ለደካማ ሰው ያዘነ መስሎ ለጉልበተኛ ምሽግ ይሆናል። ቁጣ ሁሉ ይቅር አያሰኝም። ሕጉም አላለም፤ ሁኔታው ሊገባን የሚችል መሆን አለበት ነው ያለው።

እነዚህ ደረጃዎች ከመምጣታቸው በፊት እኛ አገር ነገሩ አጭር ነበር። ገዳይ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጣል፤ እነሱ ወይ ይገድሉታል ወይ የደም ዋጋ ይቀበላሉ። ሳያስብ የገደለና አስቦ የገደለ በፍትሐ ነገሥቱም ይለያይ ነበር፤ በዘመድ ልብ ውስጥ ግን መለየቱ ከባድ ነው። ዛሬም በወሎ አበጋሮች ገብተው ደም ያደርቃሉ፤ በኦሮሚያ ጉማ አለ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሌላ ሞት ያስቀራል። ነገር ግን ሽማግሌ ቢያስታርቅም የነፍስ ግድያ ክስ አይዘጋም፤ ክሱ የመንግሥት ነው። ብዙ ቤተሰብ «ታርቀናል እኮ» ብሎ ፍርድ ቤት መጥቶ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። እርቁ የሚጠቅመው ቅጣት ሲመዘን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ተከሳሹ መጣ። ካቴናው ሲፈታለት የእጁ አንጓ ቀጥኖ አየሁ። ስሜ ተጠራ፤ ማልኩ።

ዐቃቤ ሕጉ ክሱን የመሠረተው በቀደመው የድንበር ጠብ ላይ ነው። ሰውየው በመኸር ጊዜ «አንድ ቀን ታገኘኛለህ» ብሏል፤ በበዓሉ ቀንም ስድቡን ሰበብ አድርጎ ቤቱ ሄዶ መሣሪያ ይዞ ተመልሷል የሚል ነው። «ተከሳሽ ከወጣ በኋላ ወዴት ሄደ?» አለኝ።

ልጁ ሻንጣዬን ተሸክሞ ከፊቴ ሲሄድ ታየኝ። «ቤቱ ሄደ» ብል ማንም የሚያስተባብለኝ አልነበረም። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው አልነበረማ። «እስከ አጥሩ በር ሄደ» አልኩ። «ጀርባውን ሰጥቶን እዚያ ቆመ። ተመልሶ ከበሩ ጥግ ካለው ክምር አንድ ቆመጥ አነሣ። የራሱ ዱላ አይደለም። የእሱ ረጅም ሽመል ነው፤ ጫፉ ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሮበታል፤ እዚያው ክምሩ ውስጥ ቀርቶ ነበር።»

ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን ገለበጠ። ተከላካይ ጠበቃው ተነሣ። «ወጥቶ እስኪመለስ ምን ያህል ጊዜ ፈጀ?»

«ጠላ ቀጂዋ ማሰሮዋን ሞልታ ከጓዳ እስክትመለስ።»

«በደቂቃ ይነገረን» አሉ መካከለኛው ዳኛ።

«አራት፣ አምስት ደቂቃ ይሆናል፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ሲመለስ ምን ይመስል ነበር?» አለ ጠበቃው።

«ጠላው ገና ከጢሙ ይንጠባጠብ ነበር። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

የግራው ዳኛ ያን ጊዜ ነው አንድ ጥያቄ ብቻ የጠየቁት። «በሕግ አምላክ ሲባል ሰምቷል?»

«ቆም ብሎ አዛውንቱን አይቷቸዋል» አልኩ።

ከዚህ በላይ የጠየቀኝ የለም። ስወጣ ጉልበቴ ከድቶኛል። የተናገርኳቸው ነገሮች የየራሳቸው ቦታ ሄደው ያርፋሉ፤ ይህን ሌሊት ሳነብ አድሬ አውቀዋለሁ። ቤቱ አለመሄዱና የሰው ዱላ ማንሣቱ ከ539 ያርቀዋል። የሚንጠባጠበው ጠላና የሚንቀጠቀጠው እጅ ወደ 541 ይጎትተዋል። አራት አምስት ደቂቃውና በሕግ አምላክ ተብሎ መቆሙ ደግሞ ከ541 ደጃፍ ይመልሰዋል። ቁጣው እውነት ነበር፤ ነገር ግን በመካከል አንድ ሰው በሕግ ስም ጠርቶታል፣ እሱም ሰምቷል፣ ሰምቶም መትቷል።

ፍርድ ቤቱ የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ ሰምቶ ሲጨርስ ተከሳሹ በ539 ሳይሆን በ540 ሥር እንዲከላከል በየነ። የተከላካይ ምስክሮች ተሰሙ፤ ጠበቃው 541 ነው ብሎ ተከራከረ፤ አልተቀበሉትም። በ540 ጥፋተኛ ተባለ። የቀድሞ ጥፋት የሌለበት መሆኑና የልጆች አባትነቱ ተይዞለት 13 ዓመት ጽኑ እሥራት ተፈረደበት። ውሳኔው የተነበበው በሩጫ ነው፤ ቁጥር ከቁጥር እየተከተለ፣ ንዑስ አንቀጽ በንዑስ አንቀጽ ላይ እየወደቀ። ከእኛ ወገን የተቀመጠ ገበሬ አንድም የገባው የለም። 13 የሚለው ብቻ ተሰማ።

እናቲቱ ውጭ፣ ያው ግራር ሥር ጠበቀችኝ። እሪ አላለችም። «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ» አለችኝ። «የእኔ ልጅ የሞተው ሙሉ ሞት ነው። ቅጣቱ ለምን ጎደለ?»

ይህን ጥያቄ መመለስ የነበረበት ፍርድ ቤቱ ነው። ስላልመለሰላት እኔ ሞከርኩ። መሬት ላይ ተቀመጥኩና እንዲህ አልኳት፦ «እናቴ፣ ዓመቱ የልጅሽ ዋጋ አይደለም። ለልጅሽ ዋጋ የሚሆን ዓመት የለም፤ ሕጉም እከፍላለሁ አላለም። የመዘነው የዚያን ሰው ልብ ነው። አስቦ አድብቶ ቢሆን፣ ለዘረፋ ቢሆን፣ አሠቃይቶ ቢሆን ዕድሜ ልኩን ወይም በሞቱ ይከፍል ነበር። እንደዚያ አላደረገም። ሲሰደብ ወዲያው እዚያው ቢመታ ኖሮ በጥቂት ዓመት ይወጣ ነበር። እንደዚያም አላደረገም። ወጣ፣ ቆመ፣ በሕግ አምላክ ተባለ፣ ከዚያ መታ። አሥራ ሦስቱ ዓመት ለዚያ ነው።»

ብዙ ዝም ካለች በኋላ «ቆሞ ነበር?» አለችኝ። ይህን አታውቅም ነበር። በዚያ ሁሉ ቀጠሮ፣ በዚያ ሁሉ ምልልስ፣ ልጇ እንዴት እንደሞተ አስቀምጦ የነገራት አንድ ሰው አልነበረም።

በነፍስ ግድያ ችሎት የምትቀመጡ ዳኞች፣ አንቀጽ ስትለውጡ የለወጣችሁበትን ምክንያት ከቁጥሩ በፊት በተራ አማርኛ ንገሩልን። የሟች እናት ስሟ ተጠርቶ ፊት ትቀመጥ፤ ምን ተረጋገጠ፣ ምን አልተረጋገጠም፣ ለምን 539 ቀርቶ 540 ሆነ፣ ፊቷን እያያችሁ አስረዷት። ዐቃቤ ሕግም ከፍርዱ በኋላ ቤተሰቡን ሳያነጋግር መዝገቡን አይዝጋ። እናንተ ደግሞ ነገ መጥሪያ የሚደርሳችሁ አንባቢዎች፣ ሟች ወንድማችሁ ቢሆን እንኳ፣ የት ቆሞ እንደነበር፣ ምን እንዳነሣ፣ ወጥቶ እስኪመለስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ።